እስስታችሁ አልበላ ካለች መጀመሪያ ኬጁን እዩት

ቤት ውስጥ እስስት የምታሳድጉ፣ አልበላ ስትላችሁ አፏን ፈልቅቃችሁ ለማጉረስ አትሞክሩ እባካችሁ፣ መንጋጋዋም ምላሷም ይጎዳል ጭንቀቷም ይብሳል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ምግቡ ሳይሆን ኬጁ ነው። የማወራው ፔት ሾፕ ላይ በብዛት ስለምትሸጠው የየመን እስስት ነው፣ ጭንቅላቷ ላይ እንደ ቆብ ቀጥ ያለ ነገር ያላት።

ሙቀቱን እዩ መጀመሪያ። እስስት ሙቀት የምታገኘው ከውጭ ነው፣ ከበረዳት የበላችው አይፈጭላትም ስለዚህ አትበላም በቃ። አምፖሉ ስር የምትቀመጥበት ቅርንጫፍ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን፣ ታች ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይኑራት፣ ሌሊት መብራት ሁሉ ይጥፋ። በእጅ ዳሶ ሞቋል ማለት አይሰራም፣ ቴርሞሜትር ግዙ።

ዩቪቢ አምፖሉ (የፀሐይን አይነት አልትራቫዮሌት ጨረር የሚሰጣት) ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል፣ እየበራ እያያችሁት ጨረሩ ግን ያለቀ ሊሆን ይችላል፣ በየ6 ወሩ እስከ አመት ባለው ጊዜ ቀይሩት። በመስኮት መስታወት የሚገባ ፀሐይም አይተካውም፣ መስታወቱ ዩቪቢውን ያስቀረዋል። ያለሱ ካልሲየም ሰውነቷ ውስጥ አይገባም አጥንቷ ይለሰልሳል። ፌንጣውን በሁለት አይኗ አነጣጥራ፣ አፏን ከፈት አድርጋ፣ ምላሷ ግን አልወረወር ካለ ይሄ የፍላጎት ማጣት አይደለም፣ መብላት ፈልጋ አቅቷት ነው፣ ቶሎ ሐኪም ጋ ውሰዷት።

ውሃ በሳህን አስቀምጣችሁ ትጠጣለች ብላችሁ አትጠብቁ፣ የምትጠጣው ቅጠል ላይ ያለ ጠብታ ነው። ጠዋትና ማታ ቅጠሉን እርጩላት ወይ የፕላስቲክ ኩባያ በመርፌ በስታችሁ ውሃ ሞልታችሁ ከላይ አንጠልጥሉ። ኩሷን እዩት፣ ነጩ ክፍል ብርቱካናማ ከሆነ ወይ አይኗ ወደ ውስጥ ከገባ ውሃ አጥሯታል።

ይሄ ሁሉ ደህና ከሆነ ምግቡን ቀይሩላት። ሁሌ ክሪኬት (ፌንጣ የሚመስለው ነፍሳት) ብቻ ይሰለቻል፣ ዱቢያ በረሮ ወይ የሐር ትል ሞክሩ፣ ቅጠል ላይ ሲንቀሳቀስ እንድታየው አድርጉ። የምትሰጧት ነፍሳት ስፋቱ በሁለት አይኖቿ መሃል ካለው ርቀት አይብለጥ። ነፍሳቱን ከአንድ ቀን በፊት ጎመንና ካሮት አብሏቸው፣ ከመስጠታችሁ በፊት ካልሲየም ነስንሱባቸው። ያልተበላ ክሪኬት ማታ አውጡ፣ ተኝታ ይነክሳታል። ከግቢ የተያዘ ነፍሳት ይቅርባት መድኃኒት የተረጨበት ይሆናል፣ አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ማታ ማታ የሚያበራውን ትል በፍፁም፣ ይገድላታል። እና ትልቅ እስስት በየቀኑ ስላልበላች አትደንግጡ፣ በአንድ ቀን ልዩነት ይበቃታል፣ ቆዳዋን ስትቀይርም ትቀንሳለች።

ሴት ከሆነች ወንድ ባታይም ዕንቁላል ትይዛለች። ምግብ አቁማ ኬጁ ወለል ላይ እየተንከራተተች የምትቆፍር ከሆነ 30 ሴንቲ ያህል ጥልቀት ያለው እርጥብ አሸዋ በባልዲ አስገቡላት፣ ኬጁን በጨርቅ ጋርዱት፣ ቆማችሁ አትዩዋት፣ ሰው ካየች ትተወዋለች። መውለድ አቅቷት ከደከመች ግን ያኑ ቀን ሐኪም።

በኩሽና ሚዛን በየሳምንቱ መዝኗት። ኪሎዋ እየቀነሰ ከሄደ፣ ቀን አይኗን ከጨፈነች፣ አፏ ወይ እግሯ ካበጠ ቤት ውስጥ አትሞክሩ። ብዙ ቬት (የእንስሳት ሐኪም) የሚያየው ውሻና ድመት ስለሆነ ቀድማችሁ ደውላችሁ ተሳቢ እንስሳ ያያሉ ወይ በሉ፣ ስትሄዱም ትኩስ ኩሷን በላስቲክ ያዙ፣ የሆድ ትላትል ካለባት የሚታወቀው በሱ ነው።