ሜንዶዛን ሲጎበኙ፦ ወይኑን ለብቻ፣ ተራራውን ለብቻ

ሜንዶዛ ከቦነስ አይረስ በስተ ምዕራብ 1,050 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከአንዲስ ተራሮች ግርጌ የተቀመጠች የአርጀንቲና ክፍለ ሀገር ከተማ ናት። የወይን እርሻው በደቡብ በኩል ነው፣ ተራራው በምዕራብ። ሁለቱንም በአንድ ቀን አሳያችኋለሁ የሚል አስጎብኚ ካጋጠመዎት እምቢ ይበሉ፤ ቀኑ መኪና ውስጥ ያልቃል። ቢያንስ ሦስት ሙሉ ቀን ይያዙ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሳኦ ፓውሎ በኩል ቦነስ አይረስ፣ ኤሴይሳ አውሮፕላን ማረፊያ ያደርሳል። ብዙ መንገደኛ የሚሳሳተው ከዚያ በኋላ ነው። ወደ ሜንዶዛ የሚሄዱት አብዛኞቹ በረራዎች የሚነሡት ከሌላው አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከአኤሮፓርኬ ነው። የፓስፖርት ሰልፉ፣ ሻንጣው፣ ከተማውን ማቋረጡ ሲደመር በሁለቱ በረራዎች መካከል ከ5 ሰዓት ያነሰ አይተዉ። በረራው ራሱ 2 ሰዓት አይሞላም። በአውቶቡስ ከሬቲሮ መናኸሪያ ከ13 እስከ 15 ሰዓት ይፈጃል፤ ወደ ኋላ የሚዘረጋውን «ካማ» መቀመጫ ይቁረጡ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ቪዛ አስቀድሞ ማውጣት አለበት።

ወይኑ የሚለቀመው ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል ነው። ቬንዲሚያ የሚባለው የወይን ለቀማ በዓል በማርች መጀመሪያ፣ በእኛ የካቲት ማለቂያ ላይ ስለሚውል ሆቴል ከወራት በፊት ካልያዙ አያገኙም። ወቅቱ ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፤ አገሩ ደግሞ የጥብስ አገር ነው። ጾመኛ «ሲን ካርኔ፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን ሁዌቮ» የሚለውን ይሸምድድ፦ ያለ ሥጋ፣ ያለ አይብ፣ ያለ እንቁላል ማለት ነው። «ቬጀቴሪያን ነኝ» ብቻ ካሉ አይብ የተሞላ ነገር ይቀርብልዎታል። ከኦገስት እስከ ኖቬምበር ከተራራው የሚወርድ ሶንዳ የሚባል ደረቅና ትኩስ ነፋስ አለ። ራስ ያሳምማል፤ በነፈሰበት ቀን ከከተማ አይውጡ።

ከተማዋ በ1861 በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳ እንደገና የተሠራች ናት። መንገዶቿና አደባባዮቿ ሰፋፊ የሆኑት ሕዝቡ ከሚወድቅ ግድግዳ ሸሽቶ የሚቆምበት እንዲያገኝ ነው። ምድሩ በረሃ ስለሆነ ዛፎቹ የሚጠጡት የበረዶ ውሃ በየእግረኛ መንገዱ ዳር በተቆፈረ ክፍት ቦይ ይመጣል። ማታ ከታክሲ ሲወርዱ መጀመሪያ ወደ መሬት ይመልከቱ፤ ቁርጭምጭሚት የሚሰበረው እዚያ ነው። ሱቆች ከቀኑ 7 እስከ 10 ወይም 11 ሰዓት ድረስ ይዘጋሉ፤ እራት ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት የሚበላ የለም።

ለወይኑ የመጀመሪያ ቀን ከከተማዋ አጠገብ ያለው የወይን አካባቢ፣ ማይፑ፣ ይበቃል። «ሱቤ» የሚባለውን ካርድ ከኪዮስክ ገዝተው ይሙሉ፤ ከዚያ ሜትሮትራንቪያ በሚባለው ቀላል ባቡር ጉቲዬሬዝ ላይ ይውረዱ። ብስክሌት የሚከራይበት ኮኪምቢቶ ሰፈር ከዚያ በታክሲ ቅርብ ነው። ፍሬኑንና ጎማውን ሳይሞክሩ ገንዘብ አይክፈሉ። የኡርኪሳ መንገድ ጠባብ ነው፣ የጭነት መኪናም ይበዛበታል፤ ስለዚህ ከሦስት መጥመቂያ በላይ አያቅዱ።

በሁለተኛው ቀን ከ80 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ወደሚርቀው ወደ ኡኮ ሸለቆ ይሂዱ። አንድ ቀን ብቻ ለወይን ያለው ሰው ማይፑን ትቶ ይህን ይምረጥ። እርሻው ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትርና ከዚያም በላይ ላይ ስለሆነ ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይበርዳል፤ የማልቤክ ወይን ቀለሙን ደማቅ፣ ኮምጣጣነቱን ሕያው የሚያደርገው ይህ ነው። ቀጠሮ ሳይዙ ከሄዱ ዘበኛው ከበር ይመልስዎታል። ምሳ ከየወይኑ ጋር እየተፈራረቀ ሲቀርብ 3 ሰዓት ይወስዳል፤ ከእሱ ሌላ አንድ መጥመቂያ ብቻ ይጨምሩ። ራስዎ አይንዱ፤ «ሬሚስ» የሚባል ባለ ሹፌር መኪና ለቀኑ ይከራዩ፣ ዋጋውንም ከመነሣትዎ በፊት ይቁረጡ። የቀመሱትን በተዘጋጀው ዕቃ መትፋት ነውር አይደለም፤ ባለሙያዎቹም ይተፋሉ።

ለተራራው በ7 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ቺሊ ድንበር አቅጣጫ ይጓዛሉ፤ እስከ ፑዌንቴ ዴል ኢንካ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማለዳ 1 ሰዓት ይነሡ፣ ኡስፓዣታ ላይ ነዳጅ ይሙሉ። የአኮንካጓ ተራራ ፓርክን የመግቢያ ትኬት በር ላይ እገዛለሁ ብለው አይተማመኑ፣ አስቀድመው ይቁረጡ። ከኦርኮኔስ መግቢያ ተነሥቶ ሐይቁን የሚዞረው አጭር የእግር መንገድ 6,961 ሜትሩን አኮንካጓን ፊት ለፊት ያሳያል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚበረታ ከምሳ በፊት ይጨርሱት። ቦታው 3,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ አዲስ አበባ ለኖረ ሳንባ ብዙ አይከብድም፣ ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ ለመጣ ግን ይከብዳል፤ በዋዜማው ወይን ያበዛ ደግሞ ይባስ። በክረምታቸው፣ ከጁን እስከ ኦገስት፣ በረዶ መንገዱን ስለሚዘጋ ሁኔታውን ማታውኑ ይጠይቁ።

የገዙትን ጠርሙስ በልብስ ጠቅልለው በሚጫነው ሻንጣ ይክተቱ፤ በእጅ ከያዙት ኤሴይሳ ላይ ፍተሻው ያስቀረዋል። ወደ ኩዌት የሚመለስ ግን ባይገዛ ይሻለዋል፤ እዚያ አልኮል ማስገባት ክልክል ነው።