ካቴና ከተቀየረ በኋላ የቪቪቲ-አይ ችግርን እንዴት መፈለግ ይቻላል?

የቶዮታ 1.5 ሊትር 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ሞተር ካቴና (ክራንክሻፍቱንና ካምሻፍቶቹን የሚያያይዘውን ሰንሰለት) ቀይራችሁ ገጠማችሁ። ሞተሩ ተነሳ፤ ግን ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሲሠራ) ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበት የለውም፣ ቼክ ኢንጅንም በርቷል። እባካችሁ ዕቃ ለመግዛት አትሩጡ። ከመፈታቱ በፊት ደህና የነበረ ሞተር ከተገጠመ በኋላ ካስቸገረ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አገጣጠሙ ነው።

የቪቪቲ-አይ (የቫልቮችን የመክፈቻ ጊዜ የሚቀይረው ሥርዓት) አሠራር እንዲህ ነው። የዘይት ግፊት የመግቢያውን ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ከጥርሱ፣ ማለትም ካቴናው ከሚያዞረው ባለጥርስ ጎማ፣ አንጻር ትንሽ ያዞረዋል፤ ቫልቮቹም ቀደም ብለው ይከፈታሉ። ሞተሩ ሲጠፋ ጥርሱ ውስጥ ያለች ፒን በጣም በዘገየው ቦታ ላይ ትቆልፈዋለች።

መጀመሪያ ኮዱን አንብቡ። ፒ0010 ከሆነ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው፤ ዘይቱን ወደ ጥርሱ የሚመራውን የመቆጣጠሪያ ቫልቭ ሶኬትና ሽቦ እዩ። ፒ0016 ካምሻፍቱና ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) አልተገጣጠሙም ማለት ነው፤ ካቴናው ጥርስ ስቶ ሊሆን ይችላል። ፒ0011 እና ፒ0012 ግን ዘይቱን፣ የመቆጣጠሪያ ቫልቩን ወይም ጥርሱን፣ አንዳንዴም ካቴናውን ያመለክታሉ።

ቀጥሎ ታይሚንጉን (የሁለቱን ዘንጎች መገጣጠም) አረጋግጡ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ፣ ካንዴላዎቹን አውጡ፣ የቫልቭ ክዳኑን ክፈቱ። ክራንክሻፍቱን በቁልፍ ወደ ቀኝ ብቻ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩና የፑሌጃውን ምልክት 0 ላይ አቁሙ። መሃል ላይ ጠንከር ብሎ ከያዘ አታስገድዱት፤ ቫልቭ ፒስተን ነክቶ ሊሆን ይችላል። የሁለቱ ካምሻፍት ጥርሶች ምልክት ማኑዋሉ ላይ ካለው ሥዕል ጋር መግጠም አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገጣል፦ ባለቀለሞቹ የካቴና ቀለበቶች ምልክቱ ላይ አይገኙም። ልክ ነው፣ እነሱ ለመግጠሚያ ብቻ ናቸው። የሚመለሱትም ብዙ ዙር ከዞረ በኋላ ነው።

ምልክቱ ከገጠመ ወደ ቪቪቲ ጥርሱ ሂዱ። ይህን ክፍል ጊዜ ሰጥታችሁ ሥሩት። ካምሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለችው ፒን ጥርሱ ላይ ካለው ቦይ ውስጥ በደንብ መግባት አለባት። በጥርሱና በካምሻፍቱ መካከል ክፍተት ካለ አልገባችም ማለት ነው። ያን ጊዜ ቡሎኑን ማጥበቅ ዕቃውን ያበላሻል። ሲጠብቅም ሲፈታም ካምሻፍቱን ባለ ስድስት ጎን ቦታው ላይ በቁልፍ ያዙት። ከጠበቀ በኋላ ጥርሱ ወደ መዘግየት አቅጣጫ ዞሮ መቆለፉን በእጅ ሞክሩ። ፊት ለፊት ያሉትን አራት ቡሎኖች ግን በፍጹም አትንኩ።

የሚቀረው የዘይቱ መንገድ ነው። በመቆጣጠሪያ ቫልቩ አቅራቢያ፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ ባለ ቡሎን ሥር ትንሽ ወንፊት አለች። የፊት ክዳኑ ሲገጠም የተረፈ ሲሊኮን እዚያ ይጠራቀማል። አውጥታችሁ እጠቡ፤ ከተቀደደች ቀይሩ። የመቆጣጠሪያ ቫልቩ ሬዚስታንስ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ6.9 እስከ 7.9 ኦም መሆን አለበት።

ሁሉንም መልሳችሁ ግጠሙ፣ ሞተሩን አሙቁ። ሚኒሞ ላይ እያለ የቫልቩን ሶኬት ነቅላችሁ ለአጭር ጊዜ 12 ቮልት ስጡት። ሞተሩ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከጠፋ ቪቪቲው ይሠራል። ምንም ካልተለወጠ ቫልቩን አውጥታችሁ 12 ቮልት ስጡትና ውስጡ ይንቀሳቀስ እንደሆነ እዩ። ከተንቀሳቀሰ ወደ ጥርሱ ተመለሱ።