ቴክስት ጌም ላይ «ቁልፉን ውሰድ» ሲባል ኮዱ እንዲገባው እንዴት ይደረጋል

ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ትንሽ የነካካ ሰው አንድ ቀን በጽሑፍ ብቻ የሚሄድ ጌም መሥራት ያምረዋል፣ እኔም አምሮኝ ጅማ ሕርማታ ገበያ ውስጥ የመጋዘን ቁልፍ ስለጠፋበት ቡና ነጋዴ አንድ ጀመርኩ። ታሪኩ ቀላል ነው፣ ያንገላታኝ ተጫዋቹ ታይፕ ያደረገውን መረዳት ነበር። ያገኘሁት ማስተማሪያ ሁሉ ለእንግሊዝኛ ስለሆነ «የመጀመሪያው ቃል ግስ ነው፣ ቀጥሎ ዕቃው» ይላል፤ የ1976ቱ አድቬንቸር የሚባለው ጌምም እንደዛው በሁለት ቃል ነበር የሚሠራው፣ ከአንድ ቃል ደግሞ የመጀመሪያዎቹን 5 ፊደላት ብቻ ነበር የሚያየው። እኛ ጋ ግን ግሱ መጨረሻ ነው (ኦሮምኛም ላይ እንደዛው)፣ ስለዚህ ኮዳችሁ ከኋላ ይጀምር።

መጀመሪያ ጽሑፉን አጽዱት። አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ሁለት ነጥብ፣ ሁሉንም በስፔስ ቀይሩና በስፕሊት (ጽሑፍን ስፔስ ባለበት ቆርጦ የቃላት ሊስት በሚያደርገው ትእዛዝ) ቆራርጡት። ሞክሼ ፊደላትንም እዚሁ ጨርሷቸው፦ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነዘሮቻቸው፤ አለበለዚያ አንዱ «ሣጥን» አንዱ «ሳጥን» ይጽፍና ጌሙ ሁለት ዕቃ ይመስለዋል። ዝም ብሎ ኢንተር የሚመታ ሰው አይጠፋም፣ ሊስቱ ባዶ ከሆነ የመጨረሻውን ቃል ስትጠይቁ ክራሽ ያደርጋል፣ ቼክ አድርጉ።

ከዛ የመጨረሻውን ቃል ውሰዱና የግስ ዲክሽነሪ (እያንዳንዱን ቃል ከትርጉሙ ጋር የምታስቀምጡበት ዝርዝር) ውስጥ ፈልጉት። ጓደኛዬ «ክፈት» አለው፣ እህቴ «ክፈቺ»፣ ጎረቤታችን ጋሼ ደግሞ ኮምፒውተሩን አክብረው «ይክፈቱ»። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ «ክፈ» ብሎ የሚጀምረውን ሁሉ ተቀበል አልኩት፣ ገበያ ውስጥ «ክፈል» ሲባል መጋዘኑን ከፈተው። ስለዚህ አትሰንፉ፣ ሁሉንም መልክ ዘርዝራችሁ ጻፉና ወደ አንድ ድርጊት አመላክቱ።

ዋናው ጣጣ ዕቃው ነው። ዲክሽነሪያችሁ ውስጥ ያለው «ቁልፍ» ነው፣ ተጫዋቹ የሚጽፈው «ቁልፉን»። መጨረሻ ላይ ያለውን ን ስትቆርጡ «ቁልፉ» ይቀራል፣ አሁን ፉን ወደ ፍ መመለስ ነው። እዚህ ላይ ዩኒኮድ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጠው ሥርዓት፣ ደስ ይላል፦ ፊደላቱ በ8 በ8 ተደርድረዋል፣ የፉ ቁጥር 4937 ነው፣ የፍ 4941፣ ማለትም የፊደሉ ቁጥር ለ8 ሲካፈል 1 ከተረፈ ካዕብ (እንደ ፉ ያለው ሁለተኛው) ነው፣ 4 ስትደምሩበት ሳድስ (እንደ ፍ ያለው ስድስተኛው) ይሆናል። «በሩ» በር ሆነ፣ «ሳጥኑ» ሳጥን ሆነ። በአናባቢ የሚያልቁት ላይ ደግሞ ው ነው የሚለጠፈው፣ «ጀበናው» ላይ ው ቆርጣችሁ መጣል በቂ ነው። በሴት ሲጠሯት «ጀበናዋ» ትሆናለች፣ ዋንም ጨምሩ።

ግን ቅደም ተከተል አለው፣ ከእያንዳንዱ መቁረጥ በፊት ቃሉ ሳይቆረጥ ዲክሽነሪው ውስጥ መኖር አለመኖሩን እዩ። «ድንኳን» ላይ ዝም ብላችሁ ን ከቆረጣችሁ «ድንኳ» ይቀራል። «በቁልፉ ሳጥኑን ክፈት» ሲባልም ከፊት ያለው በ መሣሪያውን ነው የሚያሳየው፣ እሱን የምትቆርጡት ሌላው ሁሉ ካልሠራ ብቻ ነው፣ ያለበለዚያ «በሩን» ላይ በን ትበሉታላችሁ። «ወደ» ለብቻው ስለሚጻፍ ዝለሉት። አቅጣጫ ላይ ደግሞ ሰሜን ደቡብ የሚል ተጫዋች እስካሁን አላየሁም፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ላይ፣ ታች አስገቡ።

ያልታወቀ ቃል ሲመጣ «አልገባኝም» ብቻ አትበሉ፣ ያናድዳል፣ የትኛው ቃል እንዳልገባችሁ ንገሩትና ቃሉን ፋይል ላይ ሴቭ አድርጉት። እኔ ፋይል ላይ በብዛት የተገኘው «ቡና አፍላ» ነው፣ ጌሙ ውስጥ ቡና ማፍላት የሚባል ነገር ጭራሽ አልነበረም፣ አሁን አለ።