የአፕል ቅጠል የምትቦረቡረውን ዝንብ እንዴት እንደተገላገልኩ

ፍራንክፈርት ቤታችን ጓሮ አንዲት የአፕል ዛፍ አለችን። አምና በበጋ ቅጠሎቿ ላይ ነጭ ጠመዝማዛ መስመር ወጣ። በሽታ መሰለኝና ፀረ ተባይ ገዝቼ ሁለቴ ረጨሁ። ጭራሽ ባሰባት።

አንድ ቀን ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አንስቼ አየሁት። መስመሩ ጫፍ ላይ ትንሽ ትል ትንቀሳቀሳለች! የምትኖረው በቅጠሉ ላይኛና ታችኛ ቆዳ መካከል ነው። ለካ መድኃኒቱ የሚያርፈው ከላይ፣ እሷ ያለችው ከውስጥ። ነጩ መስመር እየበላች ያለፈችበት መንገድ ነው። የእሳት ራት ትል ብትሆን ጭንቅላቷ ይለይ ነበር። ኩሷም ብዙ ጊዜ መሃል ለመሃል አንድ መስመር ይሠራል። የእኔዋ ግን ጭንቅላትም እግርም አይታይባትም፣ ኩሷ ግራና ቀኝ ተነጥቧል። የዝንብ ልጅ ናት። ፋይቶማይዛ ሄሪንጂያና የምትባለው ዝንብ አውሮፓ ውስጥ የአፕል ቅጠል እንዲህ ትቦረቡራለች።

መድኃኒቱን እርግፍ አድርጌ ተውኩት። የተጎዱትን ቅጠሎች ለቅሜ ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩና አፉን በስስ ጨርቅ አሰርኩ። ከሳምንታት በኋላ ከጥቂት ዝንቦች ጋር ጥቃቅን ጥቁር ተርቦች ወጡ። እነዚህ ተርቦች እንቁላላቸውን የሚጥሉት ትሏ ላይ ነው። ሲፈለፈል ልጃቸው ትሏን ይበላታል። እኔ ስረጭ የከረምኩት እነዚህን ረዳቶች የሚፈጅ መድኃኒት ነበር፤ ይህን ሳውቅ አንጀቴ አረረ። ዝንቦቹን አስቀርቼ ተርቦቹን ዛፏ ሥር ለቀቅኳቸው።

ዘንድሮ መስመር ያለበት ቅጠል ፈልጌ አስር አልሞላልኝም። ፍሬዋ አምናም አልተነካም፤ ትሏ ከቅጠል አታልፍም።