ክረምቱ ሳይወጣ ግቡ፦ ደብረ ብርሃን ላይ በቡድን ብስክሌት መንዳት

ደብረ ብርሃን ላይ ብስክሌት ልጀምር የሚል ሰው ሁሉ መስከረምን ይጠብቃል። አደይ ሲፈካ፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ «ዘንድሮስ ስፖርት እጀምራለሁ» ይባላል። እኔ የምመክራችሁ ግን ሐምሌ ላይ እንድትጀምሩ ነው። አዎ፣ ሐምሌ። ጭቃውም፣ ጉሙም፣ በረዶውም ባለበት።

ምክንያት አለኝ። መስከረም ላይ ቡድኑ ይሞላል። ክረምቱን ቤቱ ተኝቶ የከረመ ጎረምሳ ሁሉ ይወጣና ጽጋቡ ግርማይን ካልሆንኩ ይላል። ጽጋቡ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው፤ ቢመኙት አይፈረድባቸውም። ችግሩ፣ አዲስ የመጣ ሰው ገና ከከተማ ሳይርቅ ከቡድኑ ይቆረጣል። ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ክረምት ላይ ግን የምንወጣው ጥቂት ነን። መንገዱም አያስሮጥም። የአንዱ ጎማ ቢተነፍስ ሁላችንም ቆመን እናወራለን። ሰው የሚተዋወቀው ያኔ ነው።

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ክረምት ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ጊዜ አለኝ። የምነዳው ያገለገለ የተራራ ብስክሌት ነው፤ ቀለሙ ለቋል፣ ማርሹ ግን ይሠራል። ውድ ብስክሌት ካልገዛሁ አልጀምርም የምትሉ ካላችሁ፣ ይህን ሰበብ ተዉት። ለክረምት የሚያስፈልገው የሚይዝ ፍሬን፣ ያላለቀ ጎማና ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) ነው።

ቡድኑን የት ታገኙታላችሁ? ብስክሌት የሚጠግነው ሰው ዘንድ። ማን ብስክሌት እንዳለው፣ ማን ሊሸጥ እንደፈለገ፣ ማን ቅዳሜና እሁድ እንደሚወጣ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ባዶ እጃችሁን ሄዳችሁ ጥያቄ አታብዙበት። ፍሬናችሁን አስጠብቁ፣ ካቴናችሁን አሳዩት፣ ከዚያ ጨዋታውን ጀምሩ። «በጠዋት የሚወጡ ልጆች አሉ አሉ፤ እውነት ነው?» በሉት። ወይ ስልክ ይሰጣችኋል፣ ወይ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ያስገባችኋል፣ ወይ «ቅዳሜ 1 ሰዓት ላይ ወደ አዲስ አበባ መውጫው ጋ ቁሙ» ይላችኋል። ሦስተኛው ይሻላል። ቴሌግራም ላይ «እመጣለሁ» የሚል ብዙ ነው፤ ዝናብ ውስጥ ቆሞ የሚገኘው ግን ያው የታወቀው ሰው ነው።

የመጀመሪያ ቀን ቀድማችሁ ድረሱ። በዕድሜ ትልቁን ቀድማችሁ ሰላም በሉ። የእኛን ትልቅ ሰው ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። «እንመለስ» ካሉ አንከራከርም። አዲስ መሆናችሁን አትደብቁ። «ጋሼ፣ ከዚህ በፊት ረጅም መንገድ አልሞከርኩም» ካላችኋቸው መሐል ያስገቧችኋል። ፊት ያለው ነፋሱን ይሰብርላችኋል፣ ኋላ ያለው ይጠብቃችኋል። አቅም አለኝ ብላችሁ ከፊት ከሆናችሁ ግን ማንም አያዝንላችሁም።

ሰዓት ላይ የእኛ አገር የራሱ ጠባይ አለው። በክረምት ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ማልዶ ወጥቶ ከ5 ሰዓት በፊት ቤት መግባት ነው። እሁድ ደግሞ ቅዳሴ አለ፤ የሚያስቀድስ ሰው ካለ ጉዞው ወደ ቅዳሜ ይዞራል፣ ወይ ከቅዳሴ በኋላ አጭር ይሆናል። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ፍልሰታ ይገባል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ባዶ ሆዱን ፔዳል ሲመታ ይውላል ማለት ነው። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት መንገዱን እናሳጥራለን፣ ዳገት እንተዋለን። «ጾመኛ ነኝ» ማለት አያሳፍርም። ዝም ብሎ ሄዶ መንገድ ላይ ማዞር ነው የሚያሳፍረው። ለማይጾመው ደግሞ በሶ ከስኳር ጋር በጥብጦ በውኃ መያዣ መያዝ፣ ኪስ ውስጥ ቆሎ መጨመር ይበቃል። በሶ የጾም ምግብም ስለሆነ ጾመኛው ሲፈታ አብሮ ይጠጣል።

ለጀማሪ መንገዱ ወደ ጫጫ ነው። በአዲስ አበባው አስፋልት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሚያስጮህ ዳገት የለውም። ሜዳው ግን የተገለጠ ነው፣ ነፋስ አለ። ስትሄዱ ነፋሱ ከፊታችሁ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ ስትመለሱ ይገፋችኋል። ከአዲስ አበባ የመጣችሁ ደግሞ ትንፋሽ ቢያጥራችሁ አትደንግጡ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ይላል። ማርሹን አቅሉና እግራችሁን ቶሎ ቶሎ አዙሩ።

አንኮበር ሁለተኛው መንገድ ነው፤ ወደ 40 ኪሎ ሜትር። ውበቱ አይወራም። ጫፉ ጋ ስትደርሱ ግን ጉሙ ከገደሉ በታች ተነስቶ ፊታችሁን ይሸፍነዋል። እኛ በክረምት ወደ ከተማው የሚያስገባውን ቁልቁለት አንወርድም። ጫፉ ላይ ቆመን፣ ጭላዳዎቹን አይተን እንመለሳለን። ምግብ አትወርውሩላቸው፤ መንገድ ዳር ይለምዳሉ፣ መኪና ይበላቸዋል።

ጣርማ በርን በሐምሌና በነሐሴ አትሞክሩ። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም። መሿለኪያው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጣሊያን የሠራው ነው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ከውጭ ብርሃን ወደ ውስጥ ስትገቡ ዓይናችሁ ለጊዜው ይጨልማል። ከኋላችሁ ሲኖትራክ አለ። ከወጣችሁ በኋላ እስከ ደብረ ሲና ያለው ቁልቁለት ደግሞ በእርጥብ ፍሬን የሚወረድ አይደለም። በጋ ይምጣና አብረን እንወርዳለን፤ መመለሻው ላይ ብስክሌቱን አይሱዙ ላይ እንጭናለን።

አሁን ፍሬን። ቸርኬውን የሚነክስ የላስቲክ ፍሬን ካላችሁ ዝናብ ላይ ስትይዙት መጀመሪያ ምንም አይፈጠርም። ላስቲኩ ውኃውን እየጠረገ ነው። ቸርኬው ጥቂት ዙር ከዞረ በኋላ በድንገት ይይዛል። ያ ድንገት ነው ሰው የሚጥለው። ስለዚህ መታጠፊያው ሳይደርስ ቀደም ብላችሁ ለስለስ አድርጋችሁ ነካ ነካ አድርጉት፤ ውኃው ይጠረግ። ከዚያ በሁለቱም እጅ እኩል ያዙ። እርጥብ እበት ላይ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ፣ የአስፋልቱ ነጭ ቀለም ላይ ፍሬን አይያዝም፣ መሪም አይጠመዘዝም። ቀጥ ብሎ ማለፍ ነው። ከፊታችሁ ካለው ሰው ቢያንስ የሁለት ብስክሌት ርቀት ጠብቁ፤ ትንሽም ወደ ጎን ፈቀቅ በሉ፣ አለበለዚያ የጎማው ጭቃ አፋችሁ ውስጥ ነው የሚገባው። ጉድጓድ ያየ ሰው «ጉድጓድ!» ይላል፣ ከኋላ መኪና የሰማ «መኪና!» ይላል። የሰማችሁትን ለቀጣዩ አስተላልፉ። ዝናብ ውስጥ ጨዋ ሆኖ ዝም ማለት አይሠራም።

ወደ ደነባና እነዋሪ በኩል ሄዳችሁ ከዋናው መንገድ ከወጣችሁ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ ዋልካ። የጅሩ ሰንጋ የሚወፍርበት፣ ጤፉና ስንዴው የሚያምርበት ጥቁር አፈር ለብስክሌት መርገም ነው። መጀመሪያ ጎማው ላይ ስስ ሆኖ ይለጠፋል። በላዩ ጭድ ይለጠፋል። ከዚያ ጠጠር። ጥቂት ሜትር ሳትሄዱ ጎማው ወፍሮ በፓራፋንጎውና በእሱ መካከል የነበረው ክፍተት ይደፈናል። ፔዳሉን ብትቆሙበትም ንቅንቅ አይልም። ወርዳችሁ ልግፋ ካላችሁ ሌላ ጭቃ መጨመር ነው። ብስክሌቱን አንሡና ዳር ዳሩን፣ ሣር ሣሩን ሂዱ። እኔ የእርሳስ ቁመት ያላት እንጨት ሁልጊዜ ኪሴ ውስጥ አለች፤ ጭቃውን የምትፈለቅቀው እሷ ናት። አስፋልት ላይ ፓራፋንጎ የግድ ነው፣ ዋልካ ውስጥ ግን ቤት ትታችሁት ኑ። ስትመለሱም ሳይደርቅ እጠቡት። ከደረቀ በመዶሻ ካልሆነ አይለቅም።

ጎማ በክረምት ቶሎ ይበሳል። እርጥብ ላስቲክ ላይ ስለታም ጠጠር በቀላሉ ይገባል። መንገድ ላይ ልለጥፍ ብላችሁ ማስቲሽ አትታመኑ፤ እርጥብ የውስጥ ጎማ ላይ አይይዝም። ሙሉ የውስጥ ጎማ ቅያሪ ያዙ፣ የተበሳውን ቤት ገብታችሁ አድርቃችሁ ለጥፉ። ጎሚስታ ጋ ስታስነፉ ደግሞ ቆማችሁ እዩ። ኮምፕረሰሩ ለአይሱዙ ጎማ የተሠራ ነው፤ የብስክሌትን በአንድ ትንፋሽ ያፈነዳዋል። «ቀስ፣ ትንሽ ትንሽ» በሉት። የጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ቁጥር ዝቅ አድርጋችሁ ተዉት፤ ለስለስ ያለ ጎማ እርጥብ መንገድ ላይ የተሻለ ይይዛል።

ልብስ ላይ ሰው ብዙ ገንዘብ ያጠፋል። እኔ የምላችሁ ጥጥ አትልበሱ ነው። ጥጥ ከራሰ በኋላ ሙቀታችሁን ይበላል። ሱፍ ግን ረጥቦም ያሞቃል። መንዝ በርኖስና ዝተት የሚሠራ አገር ነው፤ የበግ ሱፍ ሹራብ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ። ከላይ ውኃ የማያስገባ ስስ ጃኬት ድረቡ። እረኞቹ ገሳ ለብሰው፣ ወይ የማዳበሪያ ከረጢት እንደ ቆብ አጥፈው ደፍተው ሲያዩን ይስቁብናል፤ ሲታይ ከእኛ ጃኬት የእነሱ ይሻላል። ካልሲ ላይ ፌስታል አጥልቃችሁ ጫማ አድርጉ። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ጋዜጣ ደረታችሁ ላይ በጃኬቱ ሥር አስገቡ። ሰው በብርድ የሚንቀጠቀጠው ዳገት ላይ አልቦት፣ ያንን ላብ ይዞ በነፋስ ሲወርድ ነው። እና እባካችሁ፣ ለሙቀት ብላችሁ አረቄ አትቅመሱ። አገሩ የአረቄ አገር መሆኑን አውቃለሁ። ቆዳን ያሞቅና የውስጡን ሙቀት ያስወጣል፤ ደግሞም መሪ ያስታል።

ለሴቶች አንድ ነገር ልበል። ከከተማ ሳትወጡ «ሴት ልጅ በሳይክል!» የሚል አይጠፋም። መልስ አትስጡ፤ ትንፋሻችሁን ለነፋሱ ትፈልጉታላችሁ። እናቶች የሚሉት ግን ሌላ ነው። ጫጫ አካባቢ በረዶ ጥሎብን አንድ ጣሪያ ሥር ስንጠጋ የቤቱ ባለቤት ብቅ ብለው «አንቺ ልጅ፣ ምን አጥተሽ ነው በዚህ ዝናብ የምትንከራተቺ? ግቡ እንጂ!» አሉን። ገባን። ጫማችንን በር ላይ አወለቅን፣ እሳት ዳር ተቀመጥን፣ ቡና ተፈላ። እንዲህ ያለ ቤት ገንዘብ ልስጥ ማለት ነውር ነው። በሌላ ቀን በዚያ ስታልፉ ስኳር ወይም ቡና ይዛችሁ ጎራ በሉ።

መብረቅ ሲጮህ ደግሞ ሳታፍሩ የሰው ቤት ግቡ። ሜዳ ላይ ከሁሉ ከፍ ብላችሁ የምትታዩት እናንተ ናችሁ። ብቻውን የቆመ ባሕር ዛፍ ሥር አትጠለሉ።

የእረኛ ውሻ ካባረራችሁ ለማምለጥ አትሩጡ። ውረዱ፣ ብስክሌቱን በእናንተና በእሱ መካከል አድርጉ፣ በእግር ሂዱ። እረኛውን ጥሩት። ከበጎቹ ከራቃችሁለት ውሻው ይመለሳል።

ቤት ስትገቡ እናንተ ሳትታጠቡ ብስክሌቱ ይታጠብ። ካቴናውን በጨርቅና በነጭ ጋዝ ጥረጉት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ በየመጋጠሚያው ጠብታ ዘይት አድርጉና ትርፉን ጥረጉ። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት አትቀቡ፤ አሸዋ ይሰበስባል። ኮርቻውን ከነዘንጉ ነቅላችሁ ብስክሌቱን ገልብጡት። የሚወርደው ውኃ ያስገርማችኋል።

ክረምቱ ሲወጣ ብርዱ ያለቀ እንዳይመስላችሁ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ይጠራል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ይነጣል። ዝናብ የለም፣ ጣት ግን ፍሬን መያዝ እስኪያቅተው ይደነዝዛል። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ከሥር የሱፍ ጓንት፣ ከላይ ሰፋ ያለ የዕቃ ማጠቢያ ላስቲክ ጓንት። ቢጫውን ግዙ፣ የእጅ ምልክታችሁ ከሩቅ ይታያል። መነሻችንም ከ1 ሰዓት ወደ 2 ሰዓት ተኩል ይገፋል። ፀሐይ አስፋልቱን ሳትመታው አንወጣም፤ በተለይ የበሬሳ ወንዝን ድልድይ።