የስንዴ ዘር ሲባዛ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ስንዴ በራሱ የአበባ ዱቄት ስለሚያፈራ እንደ በቆሎ ከጎረቤት ማሳ በሚመጣ ነፋስ እምብዛም አይደባለቅም። የስንዴን ዘር አብዛኛውን ጊዜ የሚያደባልቀው ሰው ነው።

አምና ሌላ የስንዴ ዝርያ ወይም ገብስ በነበረበት ማሳ መዝራት። የረገፈው ፍሬ ዘንድሮ ራሱ ይበቅላል፤ የገብስ ፍሬ ደግሞ መጠኑ ስለሚቀራረብ በማበጠሪያ አይወጣም። ባቄላ፣ አተር ወይም ኑግ የነበረበትን ማሳ ይምረጡ።

ባዕድ ተክልን አንዴ ነቅሎ መተው። ቁመቱ የተለየውና ስናሩ ስንዴው ዛላ ሲያወጣ ይታያል። የዛላ ቀለምና የጢም ልዩነት ግን የሚለየው ሊደርስ ሲል ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ማሳውን መስመር በመስመር ማሰስ ያስፈልጋል። እንክርዳድም ከእጨዳ በፊት ይነቀል። በአረማሞ ጥቁር ዱቄት የሆነን ዛላ ሳያራግፉ ከረጢት ውስጥ ከተው ከማሳ ያውጡ። ዱቄቱ ጤነኛ አበባ ላይ ካረፈ በሽታው ፅንሱ ውስጥ ይደበቃል፤ ፍሬው ጤነኛ መስሎ ይታያል፣ በሽታው የሚገለጠው በሚቀጥለው ዓመት ማሳ ላይ ነው። ላዩን ብቻ የሚቀባ መድኃኒትም አይደርስበትም፤ ወደ ውስጥ የሚሰርግ ይፈልጋል።

ኮምባይነርን ሳያጸዱ ማስገባት። ባዶውን ይሽከርከር፣ የታች ክዳኖቹ ተከፍተው ይጠረጉ፤ መጀመሪያ የሚወጡት ጥቂት ኩንታሎች ለእህል እንጂ ለዘር አይቆጠሩ።

እርጥብ ዘር መጋዘን ማስገባት። እርጥበቱ ከ5 እስከ 14 በመቶ ባለው ክልል 1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር የዘሩ ዕድሜ በግምት እጥፍ ይሆናል። መለኪያ ከሌለ ደረቅ ጨውና ዘር በደረቅ ጠርሙስ አድርገው ጥቂት ደቂቃ ይነቅንቁ፤ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። ባይጣበቅም ለዘር በቂ ደርቋል ማለት አይደለም፤ ወደ 12 በመቶ እስኪወርድ ያስጡት። አየር የማያስገባ ከረጢት ነቀዝን ያፍናል እንጂ እርጥብ ዘርን አያድንም፤ እንዲያውም እርጥበቱን አምቆ ይገድለዋል።

የብቅለት ሙከራን ከአንድ ጆንያ አፍ በታፈሰ ዘር መሥራት። ከብዙ ጆንያዎች፣ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ተወስዶ በደንብ ይደባለቅ። ከዚያ ሳይመርጡ 400 ፍሬ በአራት ቦታ መቶ መቶ ሆኖ ይከፈልና በእርጥብ አሸዋ ወይም ወረቀት ላይ እስከ 8ኛው ቀን ይታያል። ሥር ወይም ቡቃያ የጎደለው እንደበቀለ አይቆጠርም። አዲስ የታጨደ ዘር ሕያው ሆኖም ላይበቅል ይችላል፤ ከመጣሉ በፊት እርጥብ እንዳለ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ቆይቶ እንደገና ይሞከር። ለ90 በመቶ ብቅለት በሄክታር 125 ኪሎ የሚበቃ ከሆነ፣ ለ75 በመቶ 150 ኪሎ ያስፈልጋል።

ውጤቱ ሳይታወቅ መድኃኒት መቀባት። ብቅለቱ የወደቀ ንጹሕ ዘር ለምግብ ይሸጣል፤ የተቀባው ግን ታጥቦም ለሰውም ለከብትም አይሆንም።