ስብሰባ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት

ልጆቼ የሚማሩት ቦሌ አራብሳ፣ ከኮንዶሚኒየሙ አጠገብ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። የወላጅ ስብሰባ ሲጠራ «ጎረቤቴ ትሄዳለች» አትበሉ። የመዋጮ ነገር የሚወሰነው እዚያ ነው።

አጀንዳውን ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ተወካያችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። ዋናው ግን ወረቀቱ ነው። እኛ ዘንድ የስም መመዝገቢያ በር ላይ ይዞራል፤ አናቱ ባዶ ከሆነ «የተገኙ ወላጆች» ብላችሁ ጻፉበትና ፈርሙ። አለዚያ ከቃለ ጉባኤው ጋር ተያይዞ «ወላጅ ተስማምቷል» ይባልበታል። (አርፍዶ የመጣ ሰው ደግሞ ሳያነብ ነው የሚፈርመው!) ካልተስማማችሁ «ሐሳቤ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ» በሉ፤ ሲጻፍም እዩ። ጭብጨባ ድምፅ አይደለም፣ እጅ ይቆጠር።

ገንዘብ ላይ «የት ገባ?» ብላችሁ ጠብ አታንሱ። «ለአጥሩ የተዋጣው በደረሰኝ ገብቷል ወይ? ስንት ወጣ፣ ስንት ቀረ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ለዚህ ቁጥር እንጂ ንግግር መልስ አይሆንም።

ዝም ካሏችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 በመንግሥት አካል እጅ ያለ መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። ደብዳቤው ሁለት ቅጂ ይሁን፤ በእጃችሁ የሚቀረው ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጉ። ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የምትሄዱት እሱን ይዛችሁ ነው።